ለማን ነው የሚበራው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ኃላፊ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ መብራት አጥፊ ግን አንድ ሳምንት አይዘልቅም። በየህንፃው አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ማንም አልሾመውም። ባዶ ክፍል ውስጥ አምፖል ሲበራ ካየ የገዛ ጎተራው የተቃጠለ ያህል ይሮጣል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ወረፋ ይዛችሁ ፎርም ስትሞሉ በላያችሁ ላይ መብራት ያጠፋባችሁ እሱ ነው።

የእኛው አቶ ጫምሳ ይባላሉ። አዳማ ውስጥ፣ አንድ ባለ አምስት ፎቅ የመስታወት ህንፃ ላይ ጥበቃ ነበሩ። በወረቀት እንዲያ ነው። እኛ ተማሪዎቹ ግን «ክቡር የማብሪያና ማጥፊያ ሚኒስትር» እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሹመቱን ተቃውመው አያውቁም።

«ተማሪዎቹ» ስል አትሳቁ። የሰባት ልጆች አያት ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አራት ዓመቴ ነው። የጎልማሶች ክፍላችን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት እዚያው ህንፃ ውስጥ ይሰጣል። አንድ ደንብ አለው፦ ተማሪው ከአሥር ካነሰ ክፍሉ ይዘጋል። ይህን ደንብ ያዙልኝ፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ ይዤው ኖሬያለሁ።

አቶ ጫምሳ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። «ለማን ነው የሚበራው?» ይላሉ በር ላይ ቆመው። መልስ ካልመጣ ያጠፋሉ። መልስ ከመጣም ይከራከራሉ። አንድ ቀን የሁለተኛ ፎቅ ሽንት ቤት ደጃፍ ቆመው ጠየቁ።

«እኔ አለሁ!» አለ ከውስጥ አንድ የባለሥልጣን ድምፅ።

«እርስዎማ ይኑሩ፣ ማን ከለከለዎት። መስኮት እያለልዎት መብራቱ ምን ያደርጋል?» ብለው ቀጭ አደረጉት። ሰውየው ሲወጣ ክራባቱ ትከሻው ላይ ነበር።

ከሰው ይልቅ ግን ከኮት ጋር ብዙ ተጣልተዋል። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ኮት ወንበር ላይ ከተሰቀለ ባለቤቱ አለ ማለት ነው። ሰውየው ባቱ ወርዶ ዓሣ እየበላ ሊሆን ይችላል፤ ኮቱ ግን ሥራ ላይ ነው። ለኮቱም መብራት ይበራለታል፣ ኤሲ ይከፈትለታል። አቶ ጫምሳ ይገቡና ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ወንበሩ ጎንበስ ይላሉ። «ጌታዬ፣ ሞቅዎት እንዴ?» ኮቱ ዝም ይላል። «እንግዲያው ልዝጋው» ብለው ይዘጉታል። ጸሐፊዋ ሳቋን ለመደበቅ መሳቢያ ውስጥ ትገባለች።

የተቆጣ ሰው ሲመጣባቸው ደግሞ መሣሪያ አላቸው። ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በማጠፊያው ላይ የሳሳ ወረቀት ያወጣሉ። «መመሪያ አለ! ኃይል ቆጥቡ የሚል! አንብቡት!» ወረቀቱ ክብ ሐምራዊ ማህተም አለው። ማህተሙን ያየ ሁሉ ይለዝባል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሰይፈሚካኤል ሳይቀሩ ማህተሙን አይተው ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

ኃላፊው የተረቱበት ቀንማ አይረሳኝም። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው አዳራሽ ውስጥ ስለ ኃይል ቁጠባ ስብሰባ ተደረገ። ቀኑ የሚያዝያ እኩለ ቀን ነው፤ ውጭ ፀሐይዋ ድንጋይ ታቀልጣለች። ውስጥ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፣ አምፖሉ ሁሉ በርቷል፣ ኤሲው ያጓራል። አቶ ጫምሳ በሩን ከፈት አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ገለጡት። በፕሮጀክተር የሚታየው ሥዕል ጠፋ። ተናጋሪው እጁን አንሥቶ እንደቆመ ቀረ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል።

«እየቆጠብኩ ነዋ!»

አቶ ጫምሳ ለአዲሱ ህንፃ ፍቅር አልነበራቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም የለኝም። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጎኑ አሮጌ ቤት ነበረ። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ዙሪያውን በረንዳ አለው፣ የእንጨት መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። የመጀመሪያዎቹን ፊደሎች ያወቅኩት እዚያ ነው። የአዳማ ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ ደብተራችንን ይገልጥና በሌላው ይወጣል። ማንም መብራት አያበራም ነበር፤ ማንም ስለ ቁጠባም አይናገርም ነበር። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የበረንዳው ጥላ ጉልበቴ ላይ ይመጣል። ቤቱ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆነ።

እኛን ወደ ሦስተኛ ፎቅ አወጡን፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያደረገ መስታወት ብቻ የሆነ ክፍል። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይዋ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ትማራለች። መስኮቶቹ ኤሲ ሲገባ በሲሊኮን ታሽገዋል፤ ኤሲው ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። አሥራ ስድስት ነበርን። አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች፣ ሁለቱ ደም ግፊታችን አሉ፣ አንዷ አርሲ ነገሌ ልጇ ዘንድ ሄደች፣ ሦስቱ ሙቀቱን አልቻልንም ብለው ቀሩ። ግንቦት ሲጋመስ ዘጠኝ ቀረን። አስተማሪያችን ሊዲ፣ የልጅ ልጄ እኩያ ናት፣ አንገቷን ደፍታ ነገረችን።

«እናቶቼ፣ ወሩ እስኪያልቅ አሥር ካልሞላን ይዘጉታል።»

ያን ቀን ደረጃውን ስወርድ እንባዬ መጣ። ገና «ቋ» እና «ቧ» ሳልለይ ነው የሚዘጋው።

አቶ ጫምሳ ደረጃው ሥር አገኙኝ። «አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ እትዬ ሉሊት? ማን ነካዎት?» ነገርኳቸው። በሚቀጥለው የትምህርት ቀን በጋሪ ሰሌን ጭነው መጡ። ቢላዋ ይዘው ሲሊኮኑን ፈለፈሉት፣ መስኮቶቹን ከፈቱ፣ ሰሌኑን ከውጭ በኩል በመስታወቱ ላይ እንደ ጥላ አወረዱት። ከላይ ውኃ አርከፈከፉበት። ነፋሱ በእርጥቡ ሰሌን ውስጥ አልፎ ሲገባ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቶይባ «ያ ረቢ፣ በረንዳው ተመለሰ!» አለች። ሁላችንም ፊታችንን ለነፋሱ ሰጠን።

ሰዓትም አልሞላ፣ አቶ ሰይፈሚካኤል ከተፍ አሉ። «ይህ ምንድን ነው? የህንፃውን ገጽታ አበላሸው! ከመንገድ ሲያዩት የእህል መጋዘን ነው የሚመስለው! አሁኑኑ ይውረድ!»

«ይወርዳል፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ጫምሳ። «መጀመሪያ ግን ከደረጃው ትንፋሽዎን ይሰብስቡ።» ወንበር ሳቡላቸው።

ኃላፊው ተቀመጡ። ላባቸውን ጠረጉ። የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ሊዲ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ሰውየውም አብረውን አንድ ገጽ አነበቡ። ሲነሡ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «የእኔም ቢሮ ወደ ምዕራብ ነው» አሉ። ሐምሌ ሳይገባ አምስቱም ፎቅ ሰሌን ለበሰ። ሐቁን ልናገር፣ ከሩቅ መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ግን ኤሲ የሚጮህበት ክፍል አንድም የለም።

ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ የሄዱት ግን አልተመለሱም። ግንቦት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው እኛ አሁንም ዘጠኝ ነን።

በዚያው ሰሞን አቶ ጫምሳ ጥግ ላይ ጠሩኝና ያን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ግራ ቀኝ አዩ። «እትዬ ሉሊት፣ እርስዎ አሁን ያነባሉ። ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። እኔ... የመሠረተ ትምህርቱ ዘመን አምልጦኛል።»

ዘጠኝ ዓመት በየቢሮው «አንብቡት!» ሲሉ የኖሩት ሰው ማንበብ አይችሉም ነበር! መመሪያው ሲታደል ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አንዱን አንሥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል፤ በቃ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። የሠራተኞች የእግር ኳስ ውድድር ማስታወቂያ ነበር። ጥበቃና ሹፌሮች በአንድ ወገን፣ ሒሳብ ክፍል በሌላ ወገን፤ ማሊያ ይዞ የሚቀርብ። ማህተሙ ግን እውነተኛ ነው። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው አንድ እንኳ ከማህተሙ አልፎ አላነበበም።

«ምን ይላል?» አሉ። ዓይናቸው ከንፈሬ ላይ ነው።

«መብራት አጥፉ ይላል» አልኩ። ፊደል ካወቅኩ ወዲህ የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት ነው።

ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱ። ከዚያ ጫማቸውን እያዩ፣ «ክፍሉ ውስጥ ወንድ ይፈቀዳል?» አሉ።

አሥረኛዋ ሳይሆን አሥረኛው ተማሪያችን እሳቸው ሆኑ። መዝገቡ ላይ «ጫምሳ ገመቹ» ተብሎ ሲጻፍ ሴቶቹ እልል አሉ። ከእኔ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እርሳሱን እንደ አካፋ ይጨብጡታል፣ ሲጽፉ ምላሳቸው ይወጣል። ፊደል መሐል ሳሉም ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። «ለማን ነው የሚበራው?» ይላሉ፤ ሄደው ያጠፋሉ። በሰሌኑ ክፍተት በሚገባው ብርሃን እንጽፋለን። እኔ እቆጣለሁ፤ ዓይኔ ደካማ ነው።

በዓመቱ አንድ ዓርብ ወረቀቱን ዴስኩ ላይ ዘረጉት። ጣታቸው ቀስ ብሎ ሄደ። «የ... እግር... ኳስ...» ቆሙ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። «እኔ እኮ በረኛ ነበርኩ!» አሉ። «ጥሪው ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጨዋታው አመለጠኝ!» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሁለተኛ ፎቅ ላይ መብራት ሊያጠፉ ወረዱ።

በዚያው ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ወጡ። ባቱ ልጃቸው ጉዲቱ ዘንድ ገቡ። ስንሰነባበት «ሰሌኑን ውኃ አጠጡት» ብቻ አሉኝ።

አሁን የክፍላችን መብራት ቀኑን ሙሉ ይበራል። ማንም አያጠፋብኝም። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ ግን አይጥመኝም።

መስከረም ላይ ክፍሉ በተከፈተ የመጀመሪያው ቀን ሊዲ መዝገቡን ገልጣ ስም ጠራች። ዘጠኛችን መለስን። ከዚያ «ጫምሳ ገመቹ» አለች፤ ልማድ ሆኖባት ነው። እስክሪብቶዋ መዝገቡ ላይ ቆመ። ከሰረዘችው ዘጠኝ ነን።

«አሉ!» አልኩ።

ወንበሩን አየች፤ እኔን አየች። «እማማ ሉሊት...»

«ከባቱ ነው የሚመጡት፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አለች ቶይባ።

ሊዲ ቀስ ብላ ምልክቱን አደረገች። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሲጠራ የምመልሰው እኔ ነኝ። ግን ቶሎ አልመልስም። ምናልባት ራሳቸው ይመልሱ እንደሆነ ብዬ ትንሽ እጠብቃለሁ።