ስልኬ የጻፈው የሕይወት ታሪክ

በእኛ አገር ንፉግ ሰው ሞቶ አያውቅም። ይህን የምለው ከሃያ ዓመት በላይ በመንዝ፣ በሞላሌና በዙሪያዋ የሟቾችን የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ቀብር ላይ ሳነብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ከመውረዱ በፊት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ከፍ ያለች ድንጋይ ላይ ይቆምና «ሟች ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ሲጀምር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። በእኛ ሰፈር ያ ሰው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያነበብኩላቸው ሰዎች በሙሉ የተራበ የሚያበሉ፣ የታረዘ የሚያለብሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ነበሩ። ጎረቤቱን በአንድ ክንድ ድንበር ዕድሜ ልኩን ፍርድ ቤት ያመላለሰው፣ በመኸር በሬውን አላውስም ብሎ በሩን የዘጋው፣ በግ አርዶ መረቁን ብቻውን የጠጣው ሰውዬ አንድም ቀን እኔ ጋ አልመጣም። ንፉጎቻችን ሁሉ በሕይወት አሉ ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ ሥራው ሙያ ነበረው፤ እንዳትንቁብኝ። ሰው ሞተ ሲባል ብዕሬን ይዤ ልቅሶ ቤት እሄዳለሁ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ «እስቲ ስለ እሳቸው ንገሩኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ማንም የረባ ነገር አይነግራችሁም። «ደግ ነበሩ» ይሏችኋል፤ ከዚያ ዝም። ያኔ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው እፍኝ ንፍሮ ሲያልቅ አንዷ ከጥግ «ኧረ እሱስ ቁጡ ነበር» ትላለች፤ ሌላው ይስቃል፤ ወሬው ይፈታል። አንድ ጊዜ አንድም ደግ ነገር የማይገኝላቸው ሰውዬ ሞተው ግማሽ ቀን ተቀምጬ፣ በመጨረሻ የተገኘው፣ ጭነቷ የወደቀባት አህያ መንገድ ላይ ካዩ የማንም ትሁን የማን ሳይጭኑላት አያልፉም ነበር የሚል ሆነ። እሱኑ ጻፍኩ። ባለቤታቸው እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «እሱስ እውነት ነው» አሉኝ። በዚያች ቃል አንድ ዓመት ያህል ደረቴን ነፍቼ ሄጃለሁ።

ከዚያ ይሄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጣ። ወደ እኛ የመጣው በሪፖርት በኩል ነው። እኔ አማርኛ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት መስመር ሪፖርት ለመጻፍ ሳምንት ያምጥ የነበረ ባልደረባችን ድንገት አሥር ገጽ፣ ያውም «ሁለንተናዊ» እና «ቀጣይነት ያለው» የበዛበት፣ በአንድ ጠዋት ይዞ ከች አለ። ወዲያው ሁላችንም ተከተልን። አሥር ገጹ ወደ በላይ አካል ሲሄድ እዚያ ያለው ኃላፊም ለራሱ ስልክ ይሰጥና «አሳጥርልኝ» ይለዋል አሉ። ማሽን ይጽፋል፣ ማሽን ያነባል፣ እኛ መሐል ቆመን እንፈርማለን።

ተማሪዎቼም አልቀሩም። ስለ ክረምት ድርሰት ጻፉ ብዬ አዝዤ፣ የሁሉም ክረምት «ተፈጥሮ አረንጓዴ ካባዋን የምትደርብበት» ሆኖ መጣ። የመንዝ ልጅ ክረምትን እንዲያ ብሎ አያውቅም፤ የመንዝ ክረምት ጉም ነው፣ ቆፈን ነው፣ እርጥብ ጋቢ ነው። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቆጣኋቸው። በራሱ ጭንቅላት የማያስብ ሰው ምን እንደሚሆን አስረዳኋቸው። ያልነገርኳቸው ነገር፣ የዚያን ቀን የትምህርት ዕቅዴን ራሱ የጻፈው ስልኬ መሆኑን ነው።

እናንተም ብትሆኑ ታውቁታላችሁ። ክፋቱ ዕቃው መጥፎ መጻፉ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ክፋቱ ደኅና መጻፉ ነው። እኔ ብዕሬን እስክፈልግ እሱ ጨርሶ ቁጭ ይላል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን እንዲህ ሲቀድመኝ «ታዲያ እኔ ለምን እለፋለሁ?» የሚል ጥያቄ ውስጤ ገባ። ይሄ ጥያቄ ሲያዩት ብልህነት ይመስላል። ስንፍና መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ደግሞ ሰው ምስጋናውን አልቀነሰብኝም፤ ለደከምኩበትም ላልደከምኩበትም ያው «እጅህ ይባረክ» ነው። እጄ ምን አደረገ?

ባለፈው ሐምሌ እትዬ የሺመቤት አረፉ። የበግ ጠጉር እየፈተሉ፣ ዝተትና ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ክር እያቀረቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ብርቄ የድሮ ተማሪዬ ናት። ጠዋት ደወለችልኝ፤ ድምጿ ተዘግቷል። የአባታቸውን ስም፣ የትውልድ ቦታቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ነገረችኝና «አንድ ወንድም አላት፣ ዘመሮ ነው የሚኖረው። የእሱን ነገር እቤት ሲመጡ እነግርዎታለሁ፤ እንጠብቅዎታለን መምህር» አለችኝ። ቤታቸው ከእኔ ቤት ዳገቱን ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ውጭው ጉም ነው። ዝናቡም ያካፋል። ጫማዬን አየሁ፤ ስልኬን አየሁ።

ብርቄ የነገረችኝን አራት መስመር ለስልኬ ሰጠሁትና «ልብ የሚነካ የሕይወት ታሪክ ጻፍ» አልኩት። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለዚህማ ዝናብም የለው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሁለት ገጽ ጻፈ። በመካከሉ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ወይዘሮ የሺመቤት ዘመሮ የሚኖሩ ወንድማቸውን ከልብ ይወዱ ነበር። ስማቸውን ሳያነሱ ውለው አያድሩም፤ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድረስም ይመርቋቸው ነበር።» ዓይኔ እዚህ ላይ ቆም አለ። አለ፤ አልዋሽም። ይህን ማንም እንዳልነገረኝ አውቃለሁ። ግን እህት ወንድሟን ወደደች ቢባል ማን ይቀየማል ብዬ ገለበጥኩት።

ቀብሩ ላይ ድምፄን ሞርጄ አነበብኩ። ሕዝቡ አለቀሰ። ስለ ወንድማቸው ያለው ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጥለው ጮኹ፤ ሁለት ሰው ደግፎ ያዛቸው። ብርቄ ከእናቷ አስከሬን ላይ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ ያኔ አልገባኝም። እንዲያውም ዛሬስ አሳምሬ አነበብኩ ብዬ ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ድንኳን እንደተቀመጥን ሽማግሌው አጠገቤ መጡ። ጋሽ ተክሌ ይባላሉ፤ የሟች ታናሽ ወንድም ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መምህር፣ ትመርቀኝ ነበር ያልከውን ማን ነገረህ?»

«ሰዎች ናቸው ጋሼ» አልኩ።

«ማ? ስሙን ንገረኝ።»

«ብዙ ሰው ነው።»

«እሰይ!» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከእህታቸው ጋር ከተኳረፉ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗል። ጠቡ በወላጆቻቸው ድንበር ላይ በተተከለ ባሕር ዛፍ ተነሣ፤ ቃል ተወራወሩ። እሱስ በሽማግሌ ባለቀ ነበር፤ ግን ወዲያው የእትዬ የሺመቤት ባል ሞቱና ጋሽ ተክሌ ተቀይመው ከቀብሩ ቀሩ። የአማቹን አፈር ያላለበሰ ሰው በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ እርቅ አልሆነም። የንስሐ አባታቸውም «ከእህትህ ሳትታረቅ አትቆርብም» ብለዋቸዋል። አሁን ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሳይቆርቡ እንዳይሞቱ ይፈራሉ። «ከመረቀችኝማ ይቅር ብላኛለች ማለት ነው። እስከ ሠልስት እዚሁ እቆያለሁ። የሰማውን ሰው አገናኘኝና ለንስሐ አባቴ ምስክር ይዤ ልሂድ» አሉኝ።

ከድንኳኑ ስወጣ ብርቄ ጠበቀችኝ። «መምህር፣ እናቴ አጎቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም እኮ። እቤት ሲመጡ እነግርዎታለሁ ያልኩት እሱን ነበር» አለችኝ። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ቀን ተደበቅሁ። አንድ ወዳጄን ባማክረው «ውሸቱ ሽማግሌውን ካስቆረበ ምን ይጎዳል? ዝም በል» አለኝ። ደስ አለኝ። ለጋሽ ተክሌ የማዝን መሰለኝና ዝም ልል ወሰንኩ። ግን ነገሩን ሳገላብጠው ያዘንኩት ለራሴ ፊት ነው። አንድ ክርስቲያን በእኔ ጫማ አለመራስ ምክንያት ሥጋ ወደሙን በሐሰት ምስክር ሊቀበል ነው። የእሳቸው ነፍስ የእኔን ስም ለመጠበቅ መያዣ ስትሆን ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ወይም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብርቄ አንድ ቀን ትናገራለች ብዬ ፈራሁ። ሁለቱም አለበት።

የሠልስቱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ተክሌን ከሰው ለይቼ ግንብ ሥር አስቀመጥኳቸውና ተናገርኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ልቅሶ ቤቱም አልሄድኩም፤ ይሄ ሲጠይቁት የሚመልስ ዕቃ ነው የጻፈው አልኳቸው፤ ስልኬን አውጥቼ አሳየሁ። ዕቃውን ትክ ብለው አዩት።

«እሱ ከማን ሰማ?»

«ከማንም አልሰማም።»

«እንዴት ከማንም? ጠይቀዋ! ሲጠይቁት ይመልሳል ብለህ የለ?»

ጠየቅሁት። ይህን ከየት አመጣኸው ብዬ ጻፍኩ። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ መለሰ። አነበብኩላቸው፦ «ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ሐሳብ በሰጡኝ መረጃ ውስጥ አልነበረም፤ እኔ የጨመርኩት ነው። ለተፈጠረው ስሕተት ከልብ አዝናለሁ።»

«ልብ አለው?» አሉኝ።

«የለውም።»

«እንዴት ቀለለው» አሉ ጋሽ ተክሌ። «እኔ ሁለት ጊዜ ከዘመሮ ተነሥቼ ደጇ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ፤ ይቺን ቃል አፌ እምቢ ብሎኝ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ሲሉ አልሰማህም መምህር? አንተ አልነበርክም፤ ይሄም አልነበረ። ምን አናገራችሁ?»

ከዚያ ፊቴን እያዩ ጠበቁኝ። ለካ ስልኬ ይቅርታ ሲል እኔ ገና አላልኩም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አልኩ። ከስልኩ ቀጥሎ ሲወጣ ቃሉ አፌ ውስጥ ጣዕም አልነበረውም። «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉኝ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላሉም።

«ብርቄን ጥራልኝ።»

ጠራኋት። መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እናትሽ ስለ እኔ ምን አለች?»

ብርቄ ነጠላዋን ጠቅለል አድርጋ አሰበች። «ክፉም አላለች አጎቴ፣ ደግም አላለች።»

«ክፉም አላለች?»

«አላለችም።»

«ሲያማትም?»

«ሲያማትም።»

«ሰው ስሜን ሲያነሣባትስ?»

«ዝም ትላለች። ፈትሏን ትቀጥላለች እንጂ ተነሥታም አትሄድ።»

ይሄ ሁሉ የወሰደው ንፍሮ ከመቆርጠም ያነሰ ጊዜ ነው። እኔ ዳገቱን ወጥቼ ልጠይቀው የሚገባኝን ነገር አንድ የማያነቡ ሽማግሌ በአራት ጥያቄ ጨረሱት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ወረቀት ይዘሃል? እንግዲያስ ይቺን ጻፍልኝ። ለንስሐ አባቴ ልስጣቸው፤ እሳቸው ይፍረዱ። እንዳለ ጻፍ፤ ምንም እንዳትጨምር።»

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ በእጄ ጻፍኩ። «ወይዘሮ የሺመቤት ስለ ወንድማቸው ስለ ተክሌ ክፉም ደግም አልተናገሩም። ስማቸው ሲነሣ ዝም ይሉ ነበር፤ ተነሥተው ግን አይሄዱም ነበር።» «ይህም በልባቸው» ብሎ ሊቀጥል ብዕሬን ቃጥቶት ነበር። ያዝኩት። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ ይሄ ነው፤ ሰጠኋቸው።

ጋሽ ተክሌ ወረቀቱን ተቀብለው ፊትና ጀርባውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እዚያው እኔ ፊት፣ ሃያ ምናምን ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰውዬ ቆሜ እያየሁ፣ ለብርቄ ሰጧት።

«ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበችላቸው።

«ሌላ የጨመረው የለም?»

ብርቄ እኔን አላየችኝም። ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የለም» አለች።