ላሞቻቸውን የደበቁት አማቴ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። አዳሬ ቡራዩ፣ ሥራዬ ሰበታ፣ እሑዴ ደግሞ ሱሉልታ አማቴ ቤት ነው። ከታክሲ ረዳት በቀር የሚጠይቀኝ ስለሌለ፣ መንገድ ለሰው ሁሉ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ለካ ዓለም ወንበሩ ባዶ እያለም «ሞልቷል» የምትል ሚኒባስ ናት።

ደግሞ የየአገሩ አመል! ናይሮቢ ፓስፖርትህን አሳይተህ ትገባለህ። ሌላው ጋባዥህን አምጣ ይላል፤ ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት። አንዱ ጭራሽ መሬቱን ሳትረግጥ፣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቪዛ ይጠይቅሃል። አንድ የሰበታ ባልደረባዬ የሚሄድበት አገር ግባ ብሎት፣ መሀል ላይ የሚያርፍበት ከለከለውና ከቦሌ ተመለሰ። እኛ ሸኝተነው ገና ቤት ሳንደርስ እሱ ሻንጣውን ይዞ ቀድሞን ጠበቀን። ጠሪው እሺ ካለ የመንገዱ ጎረቤት ምን አገባው?

እሱስ ይሁን። የእኛ ጭንቅ ሌላ ነበር። ባሕር ማዶ የምትኖረው የሚስቴ ታናሽ እህት፣ ሌሊሴ፣ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። ለመጀመሪያ ልጅ እናት ካልደረሰች ማን ሊደርስ ነው? አማቴ እማማ ጫልቱ የገንፎውን እህል አስፈጭተው ጨረሱ። ልጄን ማን ያርሳት ይሆን እያሉ እንቅልፍ አጡ። እኔም አብሬ አጣሁ።

ያ አገር ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እንደምትመለስ ማሳመን ነው አሉን። አገርህ ላይ የሚጎትትህ ነገር አለ ወይ? ቤት፣ ልጅ፣ ንብረት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እማማ ጫልቱ እኮ ግማሽ ሱሉልታን ወተት የሚያጠጡ ሴት ናቸው። የላሞቻቸውን ቁጥር ግን አልነግራችሁም፤ ቢሰሙ ይቀየሙኛል።

የቀጠሮው ቀን እሳቸው ኤምባሲው ገቡ፣ እኔ ደጅ ቀረሁ። ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ አስፋልቱን ተሻገርኩ፣ ተመልሼ ተሻገርኩ። ጥበቃው አዞረኝ ብሎ አማረረ።

ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ወሬ ታበዛለች እንጂ አሉኝ። ከብት አለዎት ወይ ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀቻቸው። ኧረ ምን ከብት አለኝ፣ አንዲት ከሲታ ናት አሏት። መሬትስ ስትል፣ እግር መዘርጊያ ታህላለች አሉ። ስንት ልጆች አሉዎት ስትል፣ ዋቃ የሰጠኝ ይበቃኛል አሉ።

ራሴን ያዝኩ። ምነው እማማ፣ ያን ሁሉ በረት ምን ዋጠው ስላቸው ተቆጡ።

«አንተ ደግሞ! የማላውቃት ሰው ፊት ከብቴን ልቁጠር? ዓይኗ ምን እንደሆነ በምን አውቄ?»

ምን ይባላል? እኛ ጋ ከብትና ልጅ አይቆጠርም። ዝም አይነቅዝም፤ የነቀዘው የእኛ ቪዛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳስጠናቸው፣ እዚያ ሀብታም መሆን እንደሚፈቀድ መንገር እንዴት ይታሰበኛል?

ተከለከሉ። መመለስዎን የሚያሳምን ነገር አላገኘንም ተባለ። ሲነበብላቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አለቀሱ። ላሞቼን ማን ሊያልብልኝ ነው የማልመለሰው አሉ። አንጀቴን በሉት። እዚያ መስኮት ላይ እንዲህ ቢሉ ኖሮ!

ሌሊሴ ስትሰማ፣ ሆዴ ሳይገፋ እኔው እመጣለሁ አለች። ሌላ ጭንቅ! ፓስፖርት ቀይራለቻ። ሱሉልታ የተወለደች ልጅ ሱሉልታ ለመግባት ቪዛ ሊያስፈልጋት ነው። እኔ ቡራዩና ሱሉልታ ስመላለስ፣ እሷ ለካ ሶፋዋ ላይ ጋደም ብላ በስልኳ ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ላም አለሽ ወይ ያላት የለም።

መጣች። በሰላም ተገላገለች። እናቷ አረሷት፣ ገንፎው ተበላ፣ ሕፃኑ ወዛ። የቪዛዋ ጊዜ ሲቃረብ ሻንጣ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሥራ ያለው መስሎ ይንጎራደዳል። እማማ ጫልቱ ብቻ ሕፃኑን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

ስትገቢ እንደምትመለሺ አሳምኚን አሉሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ኧረ እማዬ፣ ማንም አልጠየቀኝም አለች።

«ካልጠየቁሽ ታዲያ ምን አጣደፈሽ?»