ፈንዲ ፀጋዬ የጀልባ መብራት ሲጠግን

(ዘመነ ደርግ፤ ናይሮቢ፣ ግድቡ ዳር። ሊመሽ ነው። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረዋል፤ የሁለቱም የመብራት ገመድ ዳር ላይ ካለው ምሰሶ ይነሳል። ፀጋዬ ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ፀጉር ቆራጭ ነበር። ለአንደኛው ጀልባ ጌታ፣ ለፓርክላንድስ ሰፈሩ ነጋዴ ለሚስተር ሻህ ግን «ባሕር ኃይል ነበርኩ» ብሎ እዚያው ላይ አቆመ። ዛሬ እንደ ፈንዲ፣ እንደ ጠጋኝ ባለሙያ ማለት ነው፣ የዚህን ጀልባ መብራት ካበራ የጥበቃ ሥራና ማደሪያ ያገኛል። ካላበራ ያው የሰው በረንዳ ነው። ስዋሂሊ የሚችለው የኢስሊ ሰፈሩ ወጣት ኑሬ ሊያግዘው መጥቷል።)

ፀጋዬ፦ (ጀልባው ውስጥ ተንበርክኮ) ፈንዲው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ኑሬ፦ (ምሰሶው ጋ) እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ግን ይሄ ገመድ...

ፀጋዬ፦ የጠቆምኩህን ያዝ። ንቀለው፤ ዝገቱን ፋቀው፤ ስካው።

ኑሬ፦ ሰካሁት።

ፀጋዬ፦ (አምፖሉን አንጋጦ እያየ) ወይ ፍንክች። ስቲማው፣ ኤሌክትሪኩ፣ መንገድ ላይ ደክሞታል።

ኑሬ፦ ስቲማ ይደክማል እንዴ?

ፀጋዬ፦ ውሃ ሲያይ ይፈራል። ባሕር ኃይል ያልኖረ ይህን አያውቅም።

ኑሬ፦ ጋሼ፣ የዚያኛው ጀልባ መስኮት...

ፀጋዬ፦ የሰው መስኮት አትይ።

ኑሬ፦ እኔ ስሰካው እኮ እዚያ...

ፀጋዬ፦ ስማኝ ኑሬ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ጎረቤትህ መብራት የሚያጠፋው ስንት ሰዓት ነው?» ቢለኝ፣ አላየሁም ብዬ ነው ድንበር ያቋረጥኩት። አሁን ናይሮቢ መጥቼ ልጀምር?

ኑሬ፦ ይቅርታ፣ ጋሼ።

ፀጋዬ፦ ሶኬቱን ፍታው። የላላ ብሎን ካለ አጥብቀህ መልሰው።

ኑሬ፦ (መስኮቱን ላለማየት ፊቱን አዙሮ) አጠበቅኩት፤ ሰካሁትም።

ፀጋዬ፦ አሁንም ጨለማ። (ማደሪያው ከእጁ ሲወጣ ታየው።)

(ከጎረቤቱ ጀልባ አንድ ሽማግሌ ብቅ ብሎ በስዋሂሊ ይናገራል። የጀልባው መስኮት ቦግ ብሎ በርቷል።)

ፀጋዬ፦ ምንድን ነው የሚለው?

ኑሬ፦ «ስንት ፈንዲ ያቃተውን አበራህልኝ፤ እዚሁ እያደርክ ጠብቅልኝ» ይለኛል።

ፀጋዬ፦ አንተን?

ኑሬ፦ ሶኬቱን ሲጠግን ያየው እኔን ነዋ። ስንጠግን የዋልነው የእሱን ገመድ ነው።

ፀጋዬ፦ እያወቅክ ዝም አልክ?

ኑሬ፦ አትይ አሉኝ እኮ።

ፀጋዬ፦ (ከጀልባው ወጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ረዳት አያስፈልግህም?

ኑሬ፦ ደስ ባለኝ፣ ጋሼ። ግን ሥራው ጥበቃ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሰው መስኮት ማየት።

ፀጋዬ፦ (ምሰሶው ሥር ቁጭ አለ) እንግዲያው ከአገሬ የሸሸሁትን ሥራ ነዋ፣ እዚህ ስጡኝ ብዬ ስለምን የዋልኩት።