የጋሽ ንጉሤ ቁጭ ብድግ

ሰው ሊያነሣው የሚችለው ከባዱ ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ጂም ውስጥ የምሠራ ሰው እንደ መሆኔ በኪሎ እንድመልስላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን «ተሳስተዋል» የሚለው ቃል ነው ባይ ነኝ። «ተሳስተሃል»ን ጎረምሳም ያነሣዋል። «ተሳስተዋል» ግን፣ በአንቱታ፣ ፀጉሩ ለሸበተ ሰው፣ ያውም ፊት ለፊት? እስከ ዛሬ ከመሬት ያላቀቀው ሰው አላየሁም።

እኔ ራሴ ከዚህ ውድድር ገና ድሮ የወጣሁ ነኝ። ሲቀላ የሚባለው ሰፈር መውረድ ሲገባኝ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ባጃጁ የከተማችን ሌላ ጫፍ ሴቻ ድረስ ወስዶኝ፣ እሱ ሲመለስ አብሬው የተመለስኩበት ቀን አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። እነዚያው አበው ደግሞ ዞር ብለው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ፣ ደጃዝማችነቱን ለሚፈልግ ትቼዋለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሰው በአርባ ምንጭ ከተማ የአንድ ጂም «የሠራተኞች ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ኃላፊ» እንዴት ሆነች? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም አልፎ አልፎ እጠይቀዋለሁ። የጂሙ ባለቤት እትዬ ዓለሚቱ ይባላሉ። ብዙ ዘመን ሙዝ በመኪና እየጫኑ ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ ኖረው፣ ሰው በልቶ ሲወፍር አይተው ነው መሰለኝ፣ ወደ ማክሳቱ ንግድ ገቡ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ለገንዘብ ተቀባይነት ልወዳደር ሄጄ፣ ተራዬን እየጠበቅሁ መጽሐፍ ሳነብ አገኙኝ። ፈተና አለብሽ እንዴ አሉኝ። የለም፣ እንዲሁ ነው የማነብበው አልኳቸው። ፈተና ሳይኖርበት የሚያነብ ሰው ከዚያ በፊት ገጥሟቸው አያውቅም ኖሯል። እዚያው ኃላፊ አደረጉኝ።

ማሠልጠን ማለት ሰው ፊት ቆሞ መናገር ነው። እኔ ሰው ፊት መቆም እችላለሁ፤ መናገርም እችላለሁ፤ ሁለቱን ባንዴ ነው የማልችለው። ስለዚህ በጽሑፍ አሠለጥን ነበር። «ውድ አሠልጣኞች፣ ደንበኛን ሳያሟሙቁ ብረት ማስያዝ፣ ቢቻል፣ ባይደረግ መልካም ነው» ብዬ ጽፌ መስታወቱ ጥግ እለጥፋለሁ። ደንበኞች ቆመው ያነቡታል፤ አሠልጣኞቹ እሱ ላይ ፎጣ ይሰቅሉበታል። በየወሩ የምሞላው የምዘና መዝገብም ነበረኝ። «የታየ ጉድለት» የሚለው ዓምድ እንደ ተገዛበት ቀን ንጹሕ ነው። «አስተያየት» በሚለው ሥር ደግሞ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል።

እንዲህ በሰላም ስንኖር አንድ ደብዳቤ መጣ። ማንኛውም የአካል ብቃት አሠልጣኝ ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ካልያዘ ከደንበኛ ጋር መሥራት አይችልም ይላል። ከሦስቱ አሠልጣኞቻችን ሁለቱ በስፖርት የተመረቁ ስለነበሩ ሄደው ተመዝነው በሳምንቱ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። የቀረው ታደለ ነው።

ታደለ የኦቾሎ ልጅ ነው። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ እዚያ ያደገ ሰው፣ የከተማ ሰው ጂም ገብቶ ከፍሎ የሚሠራውን ነገር ውኃ ለመቅዳት ሲል በነጻ ሲሠራው ኖሯል። አባቱ ሸማኔ ናቸው፤ እሱም ሸምኗል። ሸማኔ ክሩ የላላበትን ቦታ በዓይኑ እንደሚለይ፣ ታደለም ሰው ከበር ሲገባ አይቶ የትኛው ትከሻው እንደዘመመ ያውቃል። ከሦስቱ እሱን የሚያህል የለም። ግን ወረቀት የለውም። በዚያ ላይ ሽማግሌ ሊልክ እየተዘጋጀ ነበር። የልጅቷ አባት ወሬውን ቀድመው ሰምተው፣ ብረት አንሥቶ እዚያው መልሶ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ሥራ ነው፣ በሉ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያሳየኝ ብለዋል። እንግዲህ ወረቀት ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ሙሽራ የለችም። ይህ ሁሉ የወደቀው በማን ላይ ነው? በሥልጠና ኃላፊዋ ላይ።

ምዘናው ተመዛኙ ለወራት ያሠለጠነውን ደንበኛ ይዞ እንዲቀርብ ያዝዛል። የታደለ የዘወትር ደንበኛ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዘበኛው ቀድመው የሚደርሱት፣ ጋሽ ንጉሤ ናቸው። ጋሽ ንጉሤ በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስኳር አለብዎት፣ ይንቀሳቀሱ ብሎ የላካቸው ሐኪም ነው። ችግሩ፣ በማስተማር ዘመናቸው የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ቁጭ ብድግ ያሠሩ ሰው መሆናቸው ነው። ላረፈደ ሃያ፣ ለሳቀ ሠላሳ። እንግዲህ ቁጭ ብድግን ለእሳቸው ማን ያስተምራል? የእሳቸው ቁጭ ብድግ ደግሞ፣ ክብራቸው ይጠበቅና፣ ወለል ላይ የጠፋ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ነው። ጀርባቸው ማጭድ ይሆናል። ታደለ ያን ጊዜ ዓይኑን አንሥቶ ጣራው ላይ ያለውን ማራገቢያ ያያል።

የምዘናውን ቅጽ አስቀድሜ አነበብኩት፤ ማንበብ አያቅተኝም። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «የደንበኛውን ስሕተት ወዲያውኑ፣ በግልጽና በሚሰማ ድምፅ ያርማል» ይላል። አጠገቡ ኮከብ አለ። ኮከቡ፣ ይህን የሳተ ወድቋል ማለት ነው። ታደለን ለብቻው ጠርቼ፣ ወለሉን እያየሁ፣ ለምን አታርማቸውም አልኩት። እሱም ወለሉን እያየ፣ እንዴት ተደርጎ አለኝ። አጎቴን የገረፉ ሰው እኮ ናቸው! በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ለመናገር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ጀርባዎ ጎብጧል ለማለትማ ማን ይፈቅድልኛል? አንተ ብትሆን ትናገራለህ ወይ? አለኝ። ታደለ ሲጨንቀው አማርኛው ይደናገርና «አንተ» ይለኛል። አላረምኩትም። እንዴት አርሜው?

እንለማመድ ተባባልን። እኔ ጋሽ ንጉሤን ሆኜ ጎበጥኩ። ታደለ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጥሩ ነው… ትንሽ… ግን ጥሩ ነው» አለ። አሁን እሱን ማረም የእኔ ተራ ነው። «ጥሩ ነው… ትንሽ… ግን ጥሩ ነው» አልኩት። ደግመን ሠራነው፤ ደግመን ጥሩ ሆነ። ጓደኛው ሳሚ መሮጫው ላይ ሆኖ ሲያየን ቆይቶ፣ ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለወጉ እንኳ አንድ ቀን ብትጣሉ ምናለ! ብሎ ጮኸብን። እትዬ ዓለሚቱ ሲሰሙ ደግሞ፣ ይሄማ ቀላል ነው፣ እኔ ልቆጣቸውና ታደለ ይመዘንበት አሉ። የአሥር ቀን ልምምድ ፍሬው የእኔ ወገብ መታመም ብቻ ሆነ። መዝገቡ ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀኑ ደረሰ። መዛኙ ፊቱ ያልተፈታ፣ እድሜው ጎልማሳ፣ ባርኔጣውን የማያወልቅ ሰው ነበር። ጋሽ ንጉሤ ቱታቸው ላይ ኮት ደርበው መጡ። መዛኙ ቅጹን ዘረጋና ፈርሙ አለ። ከላይ ተመዛኙ፣ ከታች ደንበኛው ነው የሚፈርመው። ታደለ እስክሪብቶውን ተቀበለና፣ እንዳደገበት፣ በሁለት እጁ ለጋሽ ንጉሤ አቀረበ። ታላቅ ሰው ቆሞ ታናሽ ይፈርማል? ጋሽ ንጉሤም በዚያ በሚያምር የመምህር ጽሕፈታቸው ስማቸውን እስከ አያት ጽፈው ፈረሙ፤ ከላይ። ታደለ በተረፈችው መስመር ላይ ፈረመ፤ ከታች። መዛኙ ስልክ ተደውሎለት ዞር ብሎ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም አየኋቸው። ዘጋሁት። ኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ይህችን «ኋላ» የምትባል ቃል የፈጠረ ሰው ዓይናፋር መሆን አለበት።

ማሟሟቂያው በደኅና አለፈ። ቁጭ ብድግ ተጀመረ። አንድ፤ ማጭድ። የመዛኙ እስክሪብቶ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ቆመ። ሁለት፤ ማጭድ። የታደለ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። ወደ እኔ አየ፤ እኔ ማራገቢያውን አየሁ። ሦስተኛው ሊጀመር ሲል፣ ታደለ ድንገት ከፊታቸው ዝቅ ብሎ ተንበረከከና፣ ጋሼ፣ ከመቀጠላችን በፊት ይመርቁኝ አለ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሽማግሌ ሲመርቅ ጎብጦ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጋሽ ንጉሤ ሁለት እጆች ወደ ላይ ወጡ፤ ደረታቸው ተከፈተ፤ ጀርባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። ታደለ ከሥር ሆኖ፣ ምርቃቱ እንዲደርሰኝ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ፣ ጋሼ አለ። እጃቸውን እንደዘረጉ ቀጥ ብለው ወረዱ። «ዕድሜ ከጤና ይስጥህ!» «አሜን! አሁን ከፍ ይበሉ።» «እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልም!» «አሜን! ደግሞ ዝቅ፣ ተረከዝዎ አይነሣ፣ ጋሼ።» «ወጥተህ ግባ!» «አሜን!» የጎጃም ምርቃት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል? ብስክሌት ላይ የነበሩት ደንበኞች መርገጣቸውን ትተው አሜን ማለት ጀመሩ። ሳሚ በአሜን ይቆጥራል፤ ስድስት፣ ሰባት። አሥራ አንደኛው ላይ ጋሽ ንጉሤ ወደ መዛኙ ዞረው፣ ይህንንም ልጅ ፊቱን ይፍታለት አሉ። መዛኙ ሳያስበው ባርኔጣውን አውልቆ አሜን አለ።

ከዚያ ቅጹን ረጅም ጊዜ አየው። ስሕተቱ ታርሟል? ታርሟል። ወዲያውኑ? በሦስተኛው። ድምፁ ግልጽና የሚሰማ ነበር? እስከ መንገዱ ድረስ። የማን ድምፅ እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም። ሰባት ቁጥር ላይ ምልክት አደረገ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፖስታው መጣ። እትዬ ዓለሚቱ በሁላችንም ፊት ቀደዱት፤ እልልታቸውን ጀምረው እኩሌታው ላይ ቆሙ። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ብቃቱ የተረጋገጠ የአካል ብቃት አሠልጣኝ የሚለውም አለ። ስሙ የጋሽ ንጉሤ ነው፤ እስከ አያት። ባለስሙ ደግሞ እዚያው ቆመዋል። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ያን ሁሉ ዘመን አስተምሬ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ያለኝ የለም፤ እናንተ ልጆች በድብቅ ይህን አዘጋጃችሁልኝ? አሉን። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማን ይናገር? ወረቀቱን ኮታቸው ውስጥ ከትተው ሄዱ።

ታደለ ባዶውን ፖስታ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ማጣጠፉ ነው የገደለኝ። የልጅቷ አባት የሰጡት ቀጠሮ እሑድ ነበር። አይቼ ነበር አልኩት፤ ሲፈርሙ አይቼ ዝም አልኩ። እሱም «ምንም አይደለም» አለኝ። ያን ቀን «ምንም አይደለም» ምን ያህል እንደሚመዝን ተማርኩ።

ባጃጅ ተሳፈርኩ። የመዛኙ ቢሮ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ስጮህ፣ ሾፌሩ ሰው የገጨ መስሎት ፍሬን ያዘ። መዛኙ ፊት ቀረብኩ። «ተሳስተዋል»ን ላነሣ ጎንበስ አልኩ። እስከ ጉልበቴ ድረስ መጣልኝ፤ ከዚያ ከበደኝና «ተሳስተናል» ሆኖ ወጣ። ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት። ቅጹን አውጥቶ አየ፤ ምርቃቱ ይዞለት ነው መሰለኝ፣ ፊቱ ተፈታና ሳቀ። በታደለ ስም አዲስ ጻፈልኝ። የድሮውን ግን መልሳችሁ አምጡ አለ።

እሑድ ዕለት ሽማግሌዎቹ ሄዱ። የልጅቷ አባት ማኅተሙን በጣታቸው ዳስሰው፣ እህ አሉ። በእሳቸው ዘንድ ይህ እሺ ማለት ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ማን ነበሩ? ጋሽ ንጉሤ ናቸዋ። የሥራ ባልደረባዬ ነው ብለው መሰከሩለት።

የድሮውን ወረቀት ለማምጣት፣ እኔ እቆጣቸዋለሁ ያሉት እትዬ ዓለሚቱ ራሳቸው ጋሽ ንጉሤ ቤት ሄዱ። ምሳ በልተው ተመለሱ። ወረቀቱስ አልኳቸው። ፍሬሙ ያምራል አሉ።

ይኸው አሁን ጋሽ ንጉሤ በየጠዋቱ ፊሽካ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አዳዲስ ደንበኞችን ያሠለጥናሉ፤ ላረፈደ ሃያ፣ ለሳቀ ሠላሳ። ባለ ወረቀት ስለሆኑም እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ በየወሩ እንድመዝናቸው ታዝዣለሁ። ባለፈው ሰኞ መዝገቤን ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። ቁጭ ብድግ እያሳዩ ነበር። እሳቸው አንድ ማጭድ፤ ከኋላቸው ስድስት ወጣቶች፣ ስድስት ማጭድ። ታደለ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ጥቂት አየና «ትንሽ…» አለ። ጋሽ ንጉሤ ዞር ብለው፣ በግልጽና በሚሰማ ድምፅ፣ እንዴት ነን ልጄ? አሉኝ።

«የታየ ጉድለት» የሚለውን ዓምድ አየሁት። ንጹሕ ነው፤ ማቆሸሹ አሳዘነኝ። እስክሪብቶዬን ወደሚቀጥለው ዓምድ አሳለፍኩና ጻፍኩ፦ በጣም ጥሩ።