«ቤላ» ያለው ወታደርና ፊታውራሪ ቀጄላ

በየሰፈሩ ቅዳሜ ማታ በር አንኳኩቶ «ነገ አገር አሳያችኋለሁ» የሚል አንድ ሰው አለ። ገንዘብ አያስወጣችሁም፤ ጉልበታችሁን ግን ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ሰው ያልገጠመው ሰፈር ካለ፣ ዙሪያው ሜዳ መሆን አለበት።

የእኛ የኮልፌዎቹ ጋሽ ቀጄላ ይባሉ ነበር፤ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። «ፊታውራሪ» የምንላቸው ሹመት ተሰጥቷቸው ሳይሆን፣ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ከፊት ከፊት ስለሚሄዱ ነው። ክቡርነታቸው በኮርቻ ይተዳደሩ እንጂ «በቅሎ እንከራይ» የሚል ሰው አይወዱም። «በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የበቅሎዋን ጆሮ ነው» ይላሉ። ስንቃቸው ኪስ ውስጥ ያለ ቆሎና በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ነው። ራበን ስንላቸው «አየሩ በነፃ ነው፤ ጠግባችሁ ተንፍሱ!» ደከመን ስንላቸው «ይቺን ዳገት ብቻ!» ከይቺ ዳገት ጀርባ ሌላ ይቺ ዳገት አለች። አንድ ጊዜ ፏፏቴ ላሳያችሁ ብለው ግማሽ ቀን አስኬዱን። ስንደርስ ድንጋይ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አገኘን። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው «ክረምት ብትመጡ ጉድ ታዩ ነበር» አሉ።

ታዲያ በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት፣ ጣሊያን ከተማውን ሲፈጅ የእህቴ የወርቅዬ ባል ኃይለመስቀል ተገደለ። ድንኳን ጥሎ ማልቀስ አይታሰብም፤ ጩኸት የተሰማበት ቤት «የሽፍታ ዘመድ» ተብሎ ይጠረጠራል። ወርቅዬ ለቅሶዋን እንደዋጠች ክረምቱ መጥቶ አለፈ። እህል አልወርድ አላት፤ ንግግሯም እያጠረ ሄደ። እናቴ «ይህቺ ልጅ ካላለቀሰች እናጣታለን» እያለች ትብሰከሰክ ነበር።

ይህን የሰሙት ጋሽ ቀጄላ እንደ ልማዳቸው በራችንን አንኳኩ። «ከገፈርሳ በላይ ሰው የማይደርስበት ቦታ አለኝ፤ እዚያ እንደ ልቧ ታልቅስ» አሉ።

እሑድ ጠዋት ወርቅዬ፣ እኔና እሳቸው ተነሣን። ለሐዘንተኛ ብለው አንዲት ዳገት እንኳ አልቀነሱልንም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ግን ድካሙ ጠፋልኝ፤ ከታች መስኩ፣ ከማዶ የወጨጫ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ጋሽ ቀጄላ ወርቅዬን ሣሩ ላይ አስቀመጧትና «በይ ልጄ» ብለው ዘወር አሉ።

ይኼኔ ከጥዱ መሃል ጠመንጃ ያነገተ አንድ የጣሊያን ወታደር ብቅ አለ። ከወርቅዬ ፊት ተደቀንኩ። ወታደሩ እኛን አየት አደረገና ፊቱን ወደ መስኩ መልሶ፣ እጁን ዘርግቶ «ቤላ!» አለ። በቋንቋቸው «ውብ ነው» ማለቱ ነበር። ጋሽ ቀጄላ ግን «ብላ» ብለው ሰሙት።

«ማንን ነው ብላ የምትለው?» አሉ ቱግ ብለው። «አባትህ እሆናለሁ እኮ! ‹ይብሉ› ነው የሚባለው!»

ወታደሩ ፈገግ ብሎ ወደ ወጨጫ እያመለከተ «ቤላ! ቤላ!» አለ።

«አሁንም! ደግሞ በአገሬ፣ በገዛ ዳቦዬ ጋባዥ ሆነህ አረፍከው? እንግዳው አንተ ነህ፤ አንተ ብላ!» ዳቦውን ገምሰው አፉ ውስጥ ከተቱለት። ቀጥለውም «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ደገሙት። ወታደሩ ጉንጩ አብጦ፣ ዓይኑ ፈጦ ቀረ። ጋሽ ቀጄላ ትምህርቱን አላቋረጡም። «ለእኩያህ ብላ፤ ለሴት ብዪ፤ ለእኔ ይብሉ። በል እስቲ!»

«ይ… ብሉ» አለ ምስኪኑ ፍርፋሪ እየረጨ። ከዚያ ሦስተኛ ጉርሻ እንዳይመጣበት ነው መሰል፣ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

«ጋሼ፣ ቤላ እኮ በእነሱ ቋንቋ ውብ ነው ማለት ነው» አልኳቸው።

«እና? አገራችን ውብ መሆኑን እሱ ነው የሚነግረን?»

ወርቅዬ ሳቀች። መጀመሪያ በእጇ አፏን ይዛ፣ ኋላ መያዝ አቅቷት። ከየካቲት ወዲህ ድምፅዋን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሆኖም ሳቁ አልቆመላትም፤ እየሳቀች ደረቷን መምታት ጀመረች፤ ከዚያ «ኃይልዬ! ኃይልዬ!» ብላ ጮኸች። ያ ሁሉ ወር የዋጠችው አንድ ላይ ወጣ።

ወታደሩ ገና ሩቅ አልሄደም። ቆም ብሎ ወደ ላይ ሲመለከት ጋሽ ቀጄላ አዩት። ዘለው ቋጥኝ ላይ ወጡና አውድማ ላይ በሬ ሲያበራዩ የሚዘፈነውን ዘፈን ለቀቁት። እግዚአብሔር ሲፈጥራቸው ጉልበት እንጂ ድምፅ አልሰጣቸውም። ወፎቹ እንኳ ዛፉን ጥለው ተነሡ። ወታደሩ ራሱን ነቅንቆ መንገዱን ቀጠለ፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። እህቴ በጮኸች ቁጥር እሳቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ ዝቅ ስትል ዝቅ ይላሉ። ግጥሙ ሲያልቅባቸው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣሉ። ያን አስቀያሚ ዘፈን ዛሬም ባሰብኩ ቁጥር እወዳቸዋለሁ።

ጥላው ሲዞር ወርቅዬ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። ተነሥታ ወደ ቋጥኙ ሄደችና የጋሽ ቀጄላን እግር ነካ አደረገች። ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«ይበቃዎታል፣ ጋሼ» አለቻቸው። «አልቅሼ ወጥቶልኛል።»