ሳንላክ የሄድን ሽማግሌዎች

የእኛ ሰው መርዳት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ደብረ ብርሃን ውስጥ እግራችሁ ቢያዳልጣችሁ መሬት ሳትነኩ አምስት ሰው ይደርስላችኋል፤ አንዱ ክንዳችሁን፣ ሌላው ቀበቷችሁን ይይዛል፣ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ እኮ ድሮም ይሄ ጫማ አላማረኝም» ይላል። ደግ ነገር ነው። ክፋቱ፣ ምናልባት ጎንበስ ያላችሁት የጫማችሁን ክር ልታስሩ እንደሆነ የሚጠይቃችሁ የለም። የሚጠይቅ ካገኛችሁም ለከተማው እንግዳ የሆነ፣ መንገድ የጠፋበት ሰው ነው።

እኔም ከአምስቱ አንዱ ነኝ። ይባስ ብሎ በዚሁ ጠባይ ደመወዝ እበላለሁ፤ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች በምልክት ቋንቋ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስም አውጥተውልኛል። በምልክት ቋንቋ የሰው ስም የሚወጣው ከመልኩ ወይም ከጠባዩ ነው፤ የእኔ ስም ሁለት ጣት ቅንድብ ላይ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። ቅንድቤ ወፍራም ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ብጠይቅ፣ ሁልጊዜ ስለምደነግጥ ነው አሉኝ።

የሚያስደነግጠኝ ደግሞ ትምህርቱ ሳይሆን ከትምህርቱ በኋላ ያለው ነገር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ መጽሐፍ አለ፣ ፈተና አለ፣ የሚቆጣ መምህር አለ። ከዚያ አንድ ቀን ፎቶ እንነሳለን፣ ትንሽ እናለቅሳለን፣ በር ድረስ እንሸኛቸዋለን። ከበሩ ወዲያ ያለው የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ጊዜ ስለዚሁ ጉዳይ ስልጠና ተሰጠንና «የሽግግር ዕቅድ» የሚባል ቅጽ ይዘን ተመለስን። ቅጹ ያምራል። የመምህሩ ፊርማ፣ የወላጅ ፊርማ፣ የርእሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ቦታ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። የተማሪው ፊርማ የት እንደሚያርፍ ብፈልግ አጣሁት፤ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብዬ ዝም ብዬ ሞላሁት።

ከሞላሁላቸው አንዷ ደጊቱ ናት፣ የመምሬ ወልዴ ልጅ። በሰባት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛትና ከሞት ተርፋ መስማቷን አጣች። መምሬ ለእሷ ትምህርት ሲሉ አንኮበር ያለውን የአባቶቻቸውን ደብር ትተው እዚህ ከተማ ዳር በምትገኝ ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ጀመሩ። ይህን ያህል የሚወዷት አባት ታዲያ ከልጃቸው ጋር የሚግባቡት «ብዪ»፣ «ነዪ»፣ «ቤተ ክርስቲያን» በሚሉ ሦስት ምልክቶች ነበር። የቀረውን እናቷ ትጨርሰው ነበር፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ የሚጨርሰው የለም።

ደጊቱ ትምህርቷን ከጨረሰች ስምንት ወር ሆኗት ቤት ተቀምጣለች። አንኮበር ያለችው አክስቷ «መጥታ ቤት ታግዘኝ» ብላ ላከች። መምሬም እስከ ፋሲካ ሥራ ካልተገኘ እንደሚሰዷት ነገሩኝ። በዚያ አካባቢ በእጁ የሚያወራ አንድ ሰው የለም። ደጊቱን የመሰለች፣ በክፍል ውስጥ ሐሜቱን ሁሉ እሷ የምታቀብል ልጅ፣ እዚያ ሄዳ ከማን ጋር ልታወራ ነው? እንቅልፍ አጣሁ።

መፍትሔውን ያመጡት ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ደምሴ ናቸው። አቶ ደምሴ ከተማው ውስጥ ሽምግልና ኖሮ ካልተጠሩ ይታመማሉ። «ጠባሴ በኩል ወይዘሮ ዘነበች የሱፍ ምንጣፍ ያሠራሉ» አሉ። «ሽማግሌ ሆነን እንሂድ። እኛ ቆመንባት እምቢ የምትል ሴት አልተፈጠረችም።»

እስቲ ፍረዱኝ፤ ሥራ በሽማግሌ ሲጠየቅ የት ታይቷል? ያን ዕለት ግን ለሦስታችንም፣ ለመምሬ፣ ለአቶ ደምሴና ለእኔ፣ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለ አልመሰለንም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ ጋቢያችንን ደርበን ሄድን። በወጉ መሠረት የሚዳረው ልጅ ለሽምግልና አይወሰድምና፣ እኛም ደጊቱን ቤት ትተን ሄድን። እንዲያውም አልነገርናትም።

ወይዘሮ ዘነበች በሩን ከፍተው ሲያዩን ደነገጡ። ግቡ አሉን፣ ገባን። ተቀመጡ አሉን፣ አልተቀመጥንም።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ አቶ ደምሴ፣ በከዘራቸው ላይ ደገፍ ብለው። ከዚያም የሴትዮዋን አባትና አያት አመሰገኑ፣ የቤቱን በረከት መረቁ፣ ከአንኮበር ተነስተው ዝምድና መቁጠር ጀመሩ። ወይዘሮ ዘነበች ባለቤታቸው ከሞቱ አምስት ዓመት አልፏል። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ፊታቸው ቀላ ብሎ፣ «ለመሆኑ ሰውየው ማነው?» አሉ።

ሰውየው እንደሌለ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። ለአንዲት ልጅ ሥራ ልንለምን እንደመጣን ሲሰሙ በረጅሙ ተነፈሱ፤ እፎይታ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ልመናውን ቀጠሉ። «አትሰማም፣ ግን ጨዋ ናት። ስለ እመቤታችን ብለሽ አንድ ጥግ ላይ አስቀምጫት፣ ሱፍ ብታበጥርም ይበቃታል።» እኔም የሙያዬን ለማዋጣት «ከአቅሟ በላይ ካልሆነባት አታስቸግርም» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ አስተማሪዋ።

ወይዘሮ ዘነበች በተራቸው ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «ደጊቱን ነው የምትሉት? ረቡዕ መጥታ ነበር እኮ!»

ለካ ደጊቱ ብቻዋን መጥታ ደብተሯን ዘርግታላቸው ኖሯል፦ «ምንጣፍ መሥራት እፈልጋለሁ። አልሰማም። የሚነግሩኝን ይጻፉልኝ።» መሸመኛው ላይ አስቀምጠዋት፣ ጠርዙ የተጣመመ የሌላ ሰው ሥራ አይታ፣ ሳይነግሯት ሁለት መስመር ፈትታ አስተካክላዋለች። ሰኞ ጀምሪ ብለዋታል።

ደስታችንን አትጠይቁ። መምሬ ወደ ሰማይ አዩ፣ አቶ ደምሴ በመጨረሻ ሊቀመጡ ወንበር ሳቡ። ወይዘሮ ዘነበች ግን አልሳቁም።

«እኔ ደህና ልጅ መስላኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ትልልቅ ሰው ቆሞ የሚለምንላት፣ ያላየሁት ነገር ቢኖርባት ነው። የሚጥል በሽታ አለባት? እውነቱን ንገሩኝ፣ አባ።» ምንም የለባትም ብለን በማልን ቁጥር ጥርጣሬያቸው ባሰ። በመጨረሻ «ሰኞ ትቆይ፣ ላስብበት» ብለው ሸኙን።

ሥራ ልናስገኝ ሄደን፣ የተገኘውን አስነጥቀን ተመለስን።

ለደጊቱ መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ። መምሬ ባሉበት የሆነውን ሁሉ በምልክት ነገርኳት። መጀመሪያ ፊቷ ደረቀ፣ ቀጥሎ እጆቿ ፈጠኑ። ለአባቷ ያልነገረችው ሥራው ከእጇ እስኪገባ ብላ፣ ሰኞ ልታስደንቃቸው አስባ ኖሯል።

«ምን አለች?» አሉኝ መምሬ።

«ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ አለች» አልኩ።

የዘነጋሁት ነገር፣ ከንፈር ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ክንዴን ይዛ፣ ያለችውን አንድ በአንድ ደገመችልኝና እንድናገር በአገጯ አዘዘችኝ። «‹ማን ጠየቃችሁ?› ነው ያለችው፣ መምሬ» አልኩ። መምሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው መሬት መሬቱን አዩ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ደጊቱ ቆዪ መባሏን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ሄደች። ማንም እንዳይከተላት አስጠንቅቃን ነበርና የሆነውን የሰማነው ከወይዘሮ ዘነበች ነው። በሩ እንደተከፈተ ደብተሯን አቀበለቻቸው፦ «ትናንት የመጡት ሽማግሌዎች የእኔ አይደሉም። ረቡዕ ያዩት ሥራ ግን የእኔ ነው።» ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ አልፋ መሸመኛዋ ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይኸው ፋሲካ አለፈ፤ አንኮበር አልሄደችም።

እኔም ከስንት ዓመት አስተማሪነት በኋላ ልብ ገዝቼ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ አግኝቻት፣ የምረዳት ነገር ካለ ጠየቅኋት። አሰብ አደረገች። «ሥራውን እኔ እሠራለሁ» አለች በእጇ፣ «አንተ አባቴን አስተምርልኝ።»

መምሬ አሁን ከሰዓት ከሰዓት ክፍሌ ይመጣሉ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከጀማሪዎቹ ሕፃናት ጋር የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እንደ እሳቸው ጣቱ የሚከብድ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሕፃናቱ ይሥቁባቸዋል፣ እሳቸውም ይሥቃሉ። እስካሁን አጥርተው የያዟት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ «ምን ትፈልጊያለሽ?» የምትለዋ። ማታ ማታ ይጠይቋታል አሉ። የምትመልስላቸውን ገና አይረዱትም፤ መጠየቁን ግን አልተዉም።