ስለ መኪናችን ጥቁር ጭስና ስለ ሾፌሩ ስንብት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ። ገንዘብ ያዡ ወሩ ከገባ አሥራ አራት ነው፣ ሊቀመንበሯ የለም አሥራ አምስት ነው ስላሉ ሁላችንም ማክሰኞ በሚለው ጸንተናል።

ቦታ፦ የብሎኬት ማምረቻ ማህበራችን ቢሮ፣ ማለትም የሲሚንቶው መጋዘን፣ መስኮት ባለበት በኩል።

ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ዘጠኝ ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. እትዬ ሊቀመንበር
2. ገንዘብ ያዡ፣ በቅጽል ስሙ ቆጥቤ
3. በያጁ
4. እኔ ጸሐፊው። ጸሐፊ የሆንኩት የራሴ መነጽር ስላለኝ ነው እንጂ ለምኜ አይደለም።
5. ሾፌሩ፣ የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም። «እኔን ልታባርሩ ተሰብስባችሁ አብሬያችሁ አልቀመጥም» ብሎ ደጅ በቆመው መኪና ጋቢና ውስጥ ስለተቀመጠ በመስኮት ተቆጥሯል።

ድምጽ የሌለው፦ ሜካኒኩ። ድምጽ የለውም ቢባልም ከሁላችን በላይ የጮኸ እሱ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንባችን አምስቱም ካልተገኙ ውሳኔ አይጸናም። ሾፌሩ በመሃል ተነስቶ እንዳይሄድብን እትዬ ሊቀመንበር በየጊዜው በመስኮት «አለህ ወይ?» እንዲሉ፣ እሱም «ምን እሆናለሁ፣ አለሁ» እንዲል ተወስኖ ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 1፦ መኪናው ጥቁር ስለማጨሱ፣ ቤንዚን ስለመፍጀቱና ዳገት ስለመፍራቱ

ሜካኒኩ መመርመሪያውን ሰክቶ ያገኘውን እንዲያስረዳ ተጠየቀ። የመኪናው ሁለት ኦክስጅን ሴንሰሮች ተበላሽተው ሳይሆን ጭራሹን የሉም አለ። ሴንሰር ማለት ጭስ ማውጫው ላይ የሚታሰር አውራ ጣት የሚያህል ብረት ነው፤ የሚወጣውን ጭስ እያሸተተ ለመኪናው ኮምፒውተር «ቤንዚን በዛ፣ ቤንዚን አነሰ» ብሎ ይናገራል፤ እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ ምላሱን እንዳጣ ምግብ አብሳይ ዝም ብሎ ጨው በላይ በላዩ ይጨምራል ሲል አብራራ።

ገንዘብ ያዡ አየር እንደሆነ በነጻ ሞልቷል፣ እሱን ለማሽተት ብረት ምን ያደርጋል፣ ኮፋኖውን ከፍቶ መንዳት አይበቃም ወይ ሲል ጠየቀ። ሜካኒኩ ወደ ጣሪያው አየ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

ሜካኒኩ ቀጥሎ የሴንሰሮቹ ቀዳዳዎች በቡሎን ተደፍነው ማግኘቱን ተናግሮ፣ ይህን ያደረገውን ሰው ዓይኑን ባየው ደስ ይለኝ ነበር አለ። በያጁ ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ፣ ይኸው ዓይኔ!» አለ። መኪናው በነዚያ ቀዳዳዎች እያገሳ ሰፈሩን ሲረብሽ ቀዳዳ አይቶ የሚያልፍ ሰው ስላልሆነ መድፈኑን፣ ማህበሩም ያን ጊዜ አጨብጭቦለት እንደነበር አስታወሰ። ተንጠልጥለው የቀሩትን ሁለት ገመዶች በሲባጎ ያሰረው ደግሞ ገንዘብ ያዡ መሆኑ ተጣራ። በአስተሳሰሩ ላይ ነቀፋ አልቀረበም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሌላ ሴንሰር እስኪገኝ ድረስ ገንዘብ ያዡ ከመኪናው ኋላ እየተራመደ ጭሱን እንዲመለከት፤ ጭሱ ከጠቆረ አንዴ፣ ከነጣ ሁለቴ የመኪናውን ጎን እንዲደበድብ ተወሰነ። ገንዘብ ያዡ ዳገት ላይ መኪናው ስለማይቀድመኝ እሺ፣ ቁልቁለት ላይ ግን ማህበሩ ይወቅልኝ ብሏል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ቢጫዋ መብራት

ከመሪው ፊት ለፊት የምትበራዋን ቢጫ መብራት ከመኪናው ጋር የመጣች ጌጥ አድርገን ስናያት ኖረናል። በመስኮት በኩል «ከመኪናው ጋር አልመጣችም፣ በኋላ ነው የበራችው!» የሚል ድምጽ ተሰማ። ተናጋሪው አኩርፎ ስለሆነ አልተመዘገበም።

ገንዘብ ያዡ ቤንዚኑን የምትጨርሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም፣ ትሸፈን አለ። እትዬ ሊቀመንበር እሳቸው ራሳቸው በፕላስተር ከሸፈኗት እንደቆየ ገለጹ። ስለዚህ እንድትሸፈን በሙሉ ድምጽ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሾፌሩን ስለማሰናበት

ጸሐፊው እንዲህ ሲል አስረዳ፦ ሴንሰር እግር የለውም። ከመኪናው ጋር የሚውለው ሾፌሩ ነው። ቤንዚኑም ሴንሰሩም የት እንደገቡ እሱ ይንገረን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

እትዬ ሊቀመንበር «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እኮ እርስዎ ግቢ ነው የሚያድረው። እሱ ከሄደ ማን ቀረዎት?» አሉ። ጸሐፊው ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን አስታወቀ። ባለቤቴም በሕይወት ሳለች «ወንድሜን አትንካብኝ» ትል ነበር። እሷም ከአጀንዳ ውጭ ናት።

ሾፌሩ በመስኮት፣ «ጋሼ፣ እህቴ ከሞተች ወዲህ አንድ ገበታ ነው የምንበላው። አንድ ማንኪያ ጠፍቶብህ ያውቃል?» አለ። ጸሐፊው አንድ ማንኪያ ጠፍቶበት እንደነበር፣ በኋላ ግን ከራሱ ካፖርት ኪስ እንደተገኘ ለእውነት ሲል አስመዝግቧል። ሾፌሩ ከተሰናበተ ዛሬውኑ ሩቅ ወዳለችው ታላቅ እህቱ እንደሚሄድ፣ ፍራሹንም ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ መጫኑን ተናገረ። ፍራሹ ከመጋዘኑ ይታይ ነበር።

ድምጽ ተሰጠ። ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ደገፉ፤ እትዬ ሊቀመንበርና በያጁ ተቃወሙ። እኩል በመሆኑ በመስኮት ሲታይ ሾፌሩ ላቡን ለመጥረግ እጁን አንስቶ ስለተገኘ ሦስት ለሁለት ተሰናበተ።

የስንብት ደብዳቤ ያለ ማህተም አይጸናም። ማህተሙ በያጁ በሠራው የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ሦስት ነው፣ ሦስቱም ካልገቡ አይከፈትም፤ አንዱ በእትዬ ሊቀመንበር፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ ሦስተኛው ታማኝ ሰው ይያዘው ተብሎ በሾፌሩ እጅ። ሦስቱ ሳይኳረፉ የዋሉበት ቀን ስላልተገኘ ሳጥኑ መኪናው ከተገዛ ሰሞን ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ሾፌሩ ቁልፉን እንዲያቀብል ተለመነ። «እንኩ! በገዛ ቁልፌ አባርሩኝ!» ብሎ በመስኮት ወረወረው። በያጁን ግንባሩ ላይ አገኘው።

ሳጥኑ ተከፈተ። ከማህተሙ በላይ የታጨቀ የሲሚንቶ ከረጢት ተገኘ። በከረጢቱ ውስጥ፦ ሁለት ስፖኪዮ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ሬዲዮ፣ እንዲሁም በጨርቅ የተጠቀለሉ አውራ ጣት የሚያህሉ ሁለት ብረቶች። ሜካኒኩ ብረቶቹን አይቶ ወንበር ጠየቀ።

ያን ጊዜ ሁሉም ትዝ አለን። መኪናው የተገዛ ሰሞን የመኪና ዕቃ የሚፈታ ሌባ ሰፈር ገብቷል ስለተባለ፣ «ሌባ የሚፈታውን ሁሉ እኛ ቀድመን እንፍታ» ተብሎ ተወስኖ በመፍቻ የሚላቀቀው ሁሉ ተፈትቶ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፎቹ ለሦስት ሰው የታደሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌሩ «ኧረ ተዉ» ብሎ አኩርፎ ስለሄደ ምን ምን እንደተፈታ አላየም፤ እስከ ዛሬ ወደ ኋላ ለማየት አንገቱን በመስኮት እያወጣ ነው የነዳው።

ያን ሐሳብ ያመጣው ማን ነበር የሚል ጥያቄ ግንባሩን ከያዘው በያጅ ቀረበ። ጸሐፊው መነጽሩን እየጠረገ ስለነበር አልሰማም። ጥያቄው ተደገመ። ተሠለሰ። መነጽሩ በጣም ቆሽሾ ነበር።

ከረጢቱ ወጥቶ፣ ሳጥኑ ማህተሙን እንደያዘ በደንቡ መሠረት ወዲያው ተቆልፎ ቁልፎቹ ለየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። በያጁ ቡሎኖቹን ፈታ። ገንዘብ ያዡ ሲባጎውን ፈትቶ ለሌላ ቀን ይሆናል ብሎ ኪሱ ከተተው። ሜካኒኩ ሴንሰሮቹን አሰረ። ፍራሹን ጸሐፊው ከጋቢናው አወረደ፤ ዳገት ላይ ክብደት እንዳይሆን ነው። በዚህ ጉዳይ ውይይት አልተካሄደም።

ሞተሩ ተነሳ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ጥቁር ጭስ የለም። ፕላስተሩ ሲነሳ ቢጫዋ መብራትም ጠፍታ ተገኘች። ሾፌሩ ዳገቱን አንድ ጊዜ ሳይተነፍስ ወጥቶ ጫፉ ላይ ጡሩምባ ነፋ። ገንዘብ ያዡ ጡሩምባው ቤንዚን ይበላ እንደሆነ ጠየቀ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ የገንዘብ ያዡ የእግር ጉዞ፣ የመብራቷ መሸፈን፣ የሾፌሩ ስንብት፣ ሌባን የመቅደሙ የድሮ ውሳኔ፣ በአጠቃላይ ዛሬ የተወሰነውና ለዛሬ ያበቃን ሁሉ ተሽሯል። ይህ እንዲጸና ማህተም ያስፈልገዋል። ማህተሙ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛው ቁልፍ ዳገቱ ላይ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ዳገቱ እያየ ተበተነ።

ስለዚህ ይህ ቃለ ጉባኤ ማህተም የለውም። ቃሌን የሚጠራጠር ካለ ሾፌሩን ይጠይቅ፤ ታማኝ ሰው ነው። ማታ ማታ እኔ ግቢ ይገኛል።